አሉታው የሚያርፈው የት ነው? በተተረጎመ ስብከት ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የእንግዳ ሰባኪ ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም መስማት የተለመደ ነው። የአስተርጓሚዎቻችንን ትጋት ሳላሳንስ አንድ ጉድለት ልጠቁም እወዳለሁ፤ ቃላቱ ሁሉ በትክክል ተተርጉመው ሳለ፣ አሉታው የሚክደው ነገር ተለውጦ ይገኛል።

በእንግሊዝኛ የተውሳከ ግስ ቦታ ትርጉምን ይለውጣል። ሰባኪው ስለ አብርሃም ሲናገር «ዲድ ኖት ሲምፕሊ ቢሊቭ» ቢል፣ አብርሃም አምኖ ብቻ አልቀረም፣ ታዘዘም ማለቱ ነው፤ ይህም ከያዕቆብ 2 ጋር ይስማማል። «ሲምፕሊ ዲድ ኖት ቢሊቭ» ቢል ግን ጨርሶ አላመነም ማለት ይሆናል፤ ይህም ዘፍጥረት 15፥6ን ይቃረናል። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦታቸው ነው። አስተርጓሚው «አብርሃም ዝም ብሎ አላመነም» ብሎ ካለፈ፣ በጉባኤው ጆሮ የሚቀረው የመጨረሻው ቃል «አላመነም» ነው።

አማርኛ አሉታውን ከግሱ ጋር አጣብቆ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያስቀምጠው፣ ተውሳከ ግሱን ወዲያና ወዲህ ማዛወር ብዙ አይረዳም። «እግዚአብሔር ሁልጊዜ አይፈውስም» የሚለው ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ነው። «ሁልጊዜም» ከተባለማ ያቺ አንዲት «ም» ነገሩን ወደ «ከቶ አይፈውስም» ታዘነብለዋለች። ልጇ ታሞባት የመጣች እናት ከሁለቱ የትኛውን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች? አማርኛ ለዚህ የራሱ መፍትሔ አለው፦ «እግዚአብሔር የሚፈውሰው ሁልጊዜ አይደለም»፤ «አብርሃም ያደረገው ማመን ብቻ አይደለም»። «አይደለም» የሚክደው ከፊቱ ያለውን ቃል ነውና ጥርጣሬ አይተውም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥51 የግሪኩ ጽሑፍ «ሁላችን» የሚለውን ከአሉታው በፊት ያስቀምጣል። በቃላቱ ተራ ብቻ ብንሄድ «ከእኛ ማንም አያንቀላፋም» ወደሚል ትርጉም ሊወስደን ይችላል። ነገር ግን ጳውሎስ በቁጥር 6 ያንቀላፉ እንዳሉ ተናግሯል፤ በቁጥር 52ም ሙታን እንደሚነሡ ይናገራል። ስለዚህ አሉታው የሚክደው «ሁሉ» የሚለውን እንጂ ማንቀላፋትን አይደለም። ኮዴክስ ሲናይቲከስን ጨምሮ አንዳንድ የጥንት ቅጂዎች አሉታውን ወደ መለወጡ አዛውረው፣ ሁሉ እንደሚያንቀላፋ፣ የሚለወጠው ግን ሁሉ እንዳልሆነ ይናገራሉ። የአንዲት አሉታ ቦታ የትንሣኤን ተስፋ ይዘት ለውጣለች።

እንግዲህ ሰባኪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጥ ይጨርስ፤ አስተርጓሚውም አፉን ከመክፈቱ በፊት «የተካደው ምንድን ነው? ድርጊቱ ነው ወይስ መጠኑ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በስብከት ትምህርት ክፍሎቻችንም ተማሪዎች ይህን በቃል ሊለማመዱት ይገባል። ያላመነ አብርሃምንና ከቶ የማይፈውስ አምላክን ከመድረክ ማወጅ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መንጋውን የሚያስት ትምህርት ይሆናል።