ስለ ኤድዋርድ ከርቲስ ፎቶግራፎች

ፎቶግራፍ የሕዝቦችን ልማድ ለሚያጠና ሰው እንደ ምስክር ይቈጠራል። ምስክርም ያየውን በሙሉ ሊናገር ይገባዋል እንጂ ደስ ያሰኘውን መርጦ የቀረውን ሊሰውር አይገባውም። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ከርቲስ አስቀድሞ እጅግ ተመስግኖ ኋላ የተነቀፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከርቲስ በ1868 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በዊስኮንሲን ተወለደ፤ በሲያትል ከተማም ፎቶግራፍ ቤት ነበረው። በ1900 በሞንታና «የፀሐይ ጭፈራ» የተባለውን ሥርዐት ካየ በኋላ የሰሜን አሜሪካን ነባር ነገዶች ኑሮ ለመመዝገብ ቈረጠ። በ1906 ባለጸጋው ጄ. ፒ. ሞርጋን 75,000 ዶላር ሊሰጠው ተስማማ። ከ1907 እስከ 1930 በ20 ቅጽ የታተመው «የሰሜን አሜሪካ ሕንዳዊ» ከ2,200 በላይ ሥዕሎችን ይዟል። ከርቲስ ለዚህ ሥራ ትዳሩንና ሀብቱን አጥቶ በ1952 በሎስ አንጀለስ ሞተ።

እንዲህ ያለ ድካም ሊናቅ አይገባውም፤ ሥዕሎቹ ግን መመርመር አለባቸው። በ1910 ከርቲስ በአንድ የፒጋን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ፎቶግራፍ አነሣ። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ በመካከላቸው ሰዓት ይታያል፤ በመጽሐፉ በታተመው ላይ ግን ሰዓቱ ተፍቆ ጠፍቷል።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ጥፋቱ ትልቅ ነው። ሰዓቱ ቢቀር ኖሮ ተመልካቹ ከየት እንደ መጣና በምን እንደ ተገዛ ይጠይቅ ነበር። ከዚያም የጎሽ መንጋ አልቆ፣ በ1883 እና በ1884 መካከል በነበረው ክረምት ብዙ ሰው በረኀብ ሞቶ፣ ሕዝቡ በተከለለ ምድር እንደሚኖር ይረዳ ነበር። ሰዓቱ ሲፋቅ ግን ሰዎቹ ከዘመናቸው ወጥተው የጥንት ቅርስ ብቻ መሰሉ። ከርቲስ በ1904 ያነሣውን የናቫሆ ፈረሰኞች ሥዕል «ጠፊው ዘር» ብሎ መሰየሙም ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው። ናቫሆዎች ግን አልጠፉም፤ ዛሬም በብዛት ይኖራሉ።

ይህም ሆኖ ሥራው የሚጣል አይደለም። ከርቲስና ረዳቶቹ በሰም ሲሊንደር የቀረጹዋቸው ዜማዎችና የመዘገቡዋቸው ቋንቋዎች ለተመራማሪዎች ታላቅ ሀብት ናቸው፤ የነገዶቹም ተወላጆች በሥዕሎቹ የአያቶቻቸውን መልክ ያያሉ። የሚሻለው ከተፋቀው ሥዕል አጠገብ ያልተፋቀውን አኑሮ ማሳየት ነው። ያን ጊዜ አንባቢው የፒጋንን ድንኳን ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍ አንሺው ሊያየው ያልወደደውንም ለማወቅ ይችላል።