ሕገ ልቡና በእርሻ ላይ፦ የሐተታው የሥራ ትምህርትና የሳጉሬ አራሽ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዘመናትን በሕገ ልቡና፣ በሕገ ኦሪትና በሕገ ወንጌል ከፍለው ሲያስተምሩ፣ ሙሴ ጽላቱን ከመቀበሉ በፊት የነበሩት አበው መጽሐፍ ሳይነበብላቸው፣ መምህርም ሳይቆምላቸው፣ ደጉን ከክፉው የሚለዩበት ዕውቀት ከፈጣሪያቸው በተፈጥሮ እንደ ተሰጣቸው ይመሰክራሉ። ይህን ነገር አስፍቶ የተነተነው የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው፤ ነገር ግን ሐተታውን የሚያወሱ ሰዎች ስለ ልቡና ብርሃን ምስጋና ሲያበዙ፣ ያ ብርሃን በሰው እጅ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚፈተን ሳይመረምሩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

በሐተታው እንደ ተተረከው፣ ዘርዐ ያዕቆብ ከዐፄ ሱስንዮስ ቁጣ ሸሽቶ መዝሙረ ዳዊቱን እንደ ያዘ በዋሻ ከኖረ በኋላ፣ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ ከተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ፣ መጻሕፍት እየጻፈ በብዕሩ ዋጋ ይተዳደር ነበር፤ በዚያው ቤት የምታገለግለውን ኂሩትንም በሚስትነት እንጂ በአገልጋይነት አልፈለጋትም። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ደግሞ የእጅ ሥራን የፈጣሪ ፈቃድ አድርጎ ቈጥሮ፣ ከመምህሩ ይልቅ ለኑሮ የቀረበ ምክር በራሱ ሐተታ ጽፏል። ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ሐተታዎች የካፑቺኑ መነኵሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ናቸው ብሎ መከራከሩ፣ ተመራማሪው ክላውድ ሰምነርም ኢትዮጵያዊነታቸውን በብዙ ድካም መሟገቱ የታወቀ ነው፤ ክርክሩም አልተዘጋም። እኔ ግን ይህን ትምህርት በደራሲው ስም ከመመዘን፣ ሥራን በሚያውቅ ሰው ኑሮ መመዘን ይሻላል እላለሁ።

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ አጠገብ ያለችው ሳጉሬ የስንዴና የገብስ አገር ናት። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው እንደሚያውቀው፣ ማረሻ ምድርን ሰንጥቆ ሲያልፍ በትልምና በትልም መካከል ሳይነካ የሚቀር አፈር አለ፤ ስለዚህ የሚቀጥለው እርሻ የፊተኛውን አቋርጦ መሄድ ይኖርበታል። ሐኬተኛ አራሽ ይህን ድካም ቢቀንስ፣ ከትልሙ የተገለበጠው አፈር ያልታረሰውን ሸፍኖለት፣ ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ሰው እርሻው ሁሉ አንድ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱም ቢሆን የአዝመራውን መሳሳት በዝናም፣ በዋግ ወይም በዘሩ ማመካኘት ይችላል። እንግዲህ የደቦ ባልንጀራውን መሬት እንደ ገዛ መሬቱ አቋርጦ ያረሰ ሰው፣ ማንም ሳያየው ይህን ያደረገው ስለ ምንድን ነው? በልቡ የተጻፈ ሕግ ስላለ ነው ከማለት በቀር ሌላ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ማታ በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሰማው ኩራትም አባቶች ከሚያወግዙት ትዕቢት የተለየ ነው፤ ትዕቢተኛ ከእርሱ የሚያንስ ጎረቤት ሲያሻው፣ ይህ ሰው ግን ከራሱ ልብ በቀር ምስክር አያሻውም።

የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌዎች ሳፉ በሚሉት ሥርዐት ለሰው፣ ለከብትና ለምድር የሚገባውን ክብር ያስተምራሉ፤ ሐተታውን ያላነበቡ ሰዎች ከሐተታው ጋራ እንዲህ መቀራረባቸው ሕገ ልቡና የአንድ ወገን ርስት አለመሆኑን በብርቱ ያስረዳል። በአንጻሩ ልማድ ይህን ሕግ ሊያደበዝዘው እንደሚችል የዐፄ ምኒልክ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ምስክር ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ አራሹንና ጸሓፊውን ሳይቀር በሥራቸው መስደብን በቅጣት መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል። በብዕሩ ይኖር የነበረው ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ ከተሰዳቢዎቹ አንዱ በሆነ ነበር።

ወደ ሳጉሬው አራሽ ልመለስና፣ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። ይሁን እንጂ ከትርፉ ጋራ ትራክተር መጣ፤ ብዙ ባለርስቶችም መሬቱን ራሳቸው ለማሳረስ ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። በትጋቱ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ያደረገው ሰው በዚያው ትጋት ምክንያት ከመሬቱ ተነቀለ፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስም መብቱን የሚያስከብርለት ሕግ አልነበረውም። ኅሊና በተፈጥሮ ቢሰጥም፣ የሥራ ፍሬ ለሠሪው መድረሱ የመንግሥትና የሕግ ፈንታ ነው፤ ስለ ካዱ የሚጻፍ ታሪክም የስንዴውን ኩንታል ብቻ ቈጥሮ፣ በዚያ ሰው ላይ የተፈጸመውን ግፍ ቢያልፍ ከጉዳዩ ግማሹን ሳይናገር ይቀራል።