«ናዛር»፦ ባል ብቻ የሚናገርበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን የህንዱን አዘጋጅ የማኒ ካውልን «ናዛር» ስናይ ሦስቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንዱ ደግሞ «ሰውዬው መቼ ነው የሚጮኸው?» ብሎ ጥሎን ወጣ። አልፈርድበትም። ዘፈንና ድብድብ ያለበትን የህንድ ፊልም ለለመደ ሰው ይህ ፊልም ፈተና ነው።

መነሻው ዶስቶየቭስኪ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ርእሱን በአማርኛ «የዋሂቱ» ልንለው እንችላለን። ዱኤል አልገጥምም ብሎ ከክፍለ ጦሩ የወጣ መኮንን በፒተርስበርግ ዕቃ በመያዣ እየተቀበለ ገንዘብ ያበድራል። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ድሃ ልጅ ያላትን ሁሉ አስይዛ ስትጨርስ የእመቤታችንን ሥዕል ይዛ ትመጣለች። አሥር ሩብል ልስጥሽ ሲላት አምስት ይበቃኛል ትለዋለች። ያገባታል። በመጨረሻ ያንኑ ሥዕል አቅፋ ከመስኮት ትወረወራለች። ታሪኩን የምንሰማው ሬሳዋ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሳለ ከሚንጎራደደው ባሏ አፍ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሳነበው ያዘንኩት ለእሱ ነበር። አምስት ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ ኖሮ እያለ ሲንሰፈሰፍ አንጀት ይበላል እኮ! መጽሐፉን ያዋስኳት የክፍላችን ልጅ ግን አንብባ ስትጨርስ «እሷስ ምን አለች?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልጅቱ የተናገረችው በጣት የሚቆጠር ነው፤ እሱም ቢሆን የደረሰን በባልየው አፍ ተጣርቶ ነው።

ካውል ፊልሙን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መባቻ ሲሠራ ቀላሉ መንገድ ለሴቲቱ ረጅም ንግግር መስጠት ነበር። አላደረገውም። ያደረገው ሌላ ነው፦ የባልየውን ቃል አቀዘቀዘው። የዶስቶየቭስኪ ሰውዬ ይምላል፣ ያለቅሳል፣ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ሼካር ካፑር (እሱም ራሱ ፊልም አዘጋጅ ነው) የሚጫወተው ባል ግን ንብረት እንደሚቆጥር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ስለዚህ አያባብለንም። ጆሯችን ከእሱ ሲላቀቅ ዓይናችን ወደ እሷ ይሄዳል። ሚስቲቱን የምትጫወተው የካውል ልጅ ሻምባቪ ናት፤ ዝም ስትል ዝምታዋ የእሱን ወሬ ሲያልፈው ይታያል።

ዝግታውም ከስንፍና የመጣ አይደለም። ካውል ድሩፓድ የተባለውን የሰሜን ህንድ ጥንታዊ ዜማ የተማረ፣ በ1982 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ስም ፊልም የሠራ ሰው ነው። የድሩፓድ ዘፋኝ አንዱን ድምፅ ይዞ ብዙ ይቆይበታል። ካውልም ፊትን እንደዚያ ይይዛል።

«ናዛር» በህንድኛ አስተያየት፣ እይታ ማለት ነው፤ የሚጎዳውንም ዓይን ይጨምራል። እኛ «የሰው ዓይን» የምንለው መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ካውል ባልየውን የጥንት ዕቃ ነጋዴ አድርጎ ቦምባይ ውስጥ ፎቅ ላይ አኑሮታል። የጥንት ዕቃ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ሊታይ የተቀመጠ ነገር ነውና ልጅቷም ከዕቃዎቹ አንዷ መምሰሏ ግሩም ሐሳብ ነው። ድህነቷስ? ያቺ አምስት ይበቃኛል ያለችው ልጅ የተያዘችው በዓይን ብቻ አልነበረም፤ በረሃብም ነበር። ፊልሙ ከማማሩ የተነሣ ረሃቡ አይታይም። ፈረንሳዊው ብሬሶን በ1969 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ታሪክ ሲቀርጽ የመያዣ ሱቁን አልተወውም፤ በዚህ በኩል ብሬሶን ይበልጥብኛል።

ቢሆንም እዩት፤ እንቅልፍ ሳይጫናችሁ፣ በጊዜ ጀምሩት። ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። መጽሐፉን የፈለገ ግን ያቺን ልጅ ይጠይቅ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።