ሕጉ ዝም ባለበት

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሰንጋ ተራ ብቅ ቢሉ በ1943 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመውን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያገኛሉ። ዙሪያውን የባንክ ፎቆች ከበውታል። ልጆቻችን እዚህም ሆነ ሌላ ቦታ የሥራ አመራር ሲማሩ ስለ ሰው ምን ይማሩ ይሆን?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 (እ.ኤ.አ.) የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ሲል ጻፈ። ማታለልን አልፈቀደም፤ ሕግ ይከበር ብሏል። ሕጉ ዝም ባለበትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ መጠኑን ራሱ አልቆረጠም። እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚሞላው የአሠሪው ሕሊና ነው። ሕንዳዊው የዘርፉ ምሁር ሱማንትራ ጎሻል በ2005 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጽሑፉ የተቸውም ይህንኑ ነበር፤ ትምህርቱ ተማሪውን ከግብረ ገብ ኃላፊነት ያላቅቀዋል አለ።

ሆኖም ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ አንቀስር! ከወለድ ነፃ ባንኮች በአገራችን በመከፈታቸው ተደስተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከወለድ የሸሸ ነጋዴ የዘበኛውን ደመወዝ ከወር ወር ካሻገረ፣ ተላላኪውን ከንጋት እስከ ዒሻ አቁሞ የምሳ እረፍት ከነፈገው፣ ምኑን ሸሸ? ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን አጉዳዮችን ታስጠነቅቃለች፤ የሠራተኛ ድካምስ አይመዘንምን?

ልጅዎ ዛሬ ማታ ደብተሩን ሲገልጥ «የሠራተኛው ቤተሰብ ምን በልቶ አደረ የሚለው በየትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁት። እርስዎም ሱቅ ካለዎት መዝገብዎን ይግለጡ።

ወላሁ አዕለም።