ተራራው ከፊልሙ በኋላ

ፊልም የተነሣበትን አገር ለማየት መጓዝ በዚህ ዘመን ከመንገደኛ ልማዶች አንዱ ሆኗል። ሰው በሲኒማ አዳራሽ ተቀምጦ ያየውን ገደል፣ ሐይቅና መንደር በዓይኑ ለማረጋገጥ ስንቁን ይዞ ይነሣል። ነገሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ተጓዡ ከስፍራው ደርሶ የሚጠይቀው «ካሜራው የት ቆሞ ነበር?» ብቻ ከሆነ፣ ድካሙ ከንቱ እንዳይቀር እንሠጋለን። ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ካሜራው ያላየው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ በኒውዚላንድ የሚገኘው ንጋውሩሆይ የተባለው እሳተ ገሞራ በማኦሪ ሕዝብ ዘንድ የተቀደሰ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በሦስት ክፍል የወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ፊልም ከታየ ወዲህ ግን፣ ብዙ ጎብኚ ይህንኑ ተራራ የሚያውቀው በፊልሙ ውስጥ በወጣለት የጥፋት ተራራ ስም ነው። ፊልሙ ለአገሩ እንግዳና ገበያ አመጣለት፤ የተራራውን ስም ግን ጋረደበት። ትርፉና ኪሳራው አብረው ሊመዘኑ ይገባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። አንበርብር የተባለው ሐኪም ከብዙ ዘመን ስደት በኋላ አንድ እግሩን አጥቶ በጣና አጠገብ ወዳለው የእናቱ መንደር ይመለሳል። በዚህ ፊልም ኮረብታው ጌጥ አይደለም፤ ዋሻው ወጣቶች ከጦርነት አፈሳ የሚሸሸጉበት ነው። ስለዚህ ወደዚያ አገር ሄዶ የሐይቁን ውበት ብቻ አድንቆ የተመለሰ ሰው፣ ስፍራውን አየ እንጂ ፊልሙን አላየም። ነቀፌታም ቢፈቀድልን፣ የሐኪሙ ትዝታ በበዛበት ክፍል ገበሬዎቹ የእርሱን ሕመም አድማጮች ብቻ ሆነው የሚቀሩበት ጊዜ አለ እንላለን።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ሕፃኑ ኤፍሬም እናቱን ካጣ በኋላ ድርቅ ከመታው ቀየው ወጥቶ በለምለሙ ተራራ ከዘመድ ዘንድ ይቀመጣል፤ አጎቱም የሚወዳትን በግ ለበዓል ሊያርድ ያስባል። ለተመልካች ዓይን ያማረው ልምላሜ ለልጁ የባዕድ አገር ነው። አጎቱ በእርሻ ሥራ ሲመዝነው ተራራው ላብ የሚጠይቅ መሬት መሆኑ ይታወቃል። የፊልሙ ብልኅነት በዚህ ላይ ነው።

እኛ በምንኖርበት በአዲስ ቅዳም አካባቢ ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአዊ ፈረሰኞች ትርዒት በቴሌቪዥንና በዘፈን ፊልሞች ዘወትር ይታያል፤ ፈረሱ የዓድዋ ዘመቻ መታሰቢያ መሆኑ ግን ሁልጊዜ አይነገርም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን በፋግታ ለኮማ ኮረብቶች ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነው። እንግዳ ሰው ጥንታዊ ደን ይለዋል። እውነቱ ግን ገበሬው በእጁ የተከለው፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዲከረንስ የተባለ የግራር ዘር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋራ ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም እንደገና ይታረሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሽታ ገብቶበት ገበሬውን አሳስቦታል። እንግዲህ ይህን ኮረብታ «የማይለወጥ ደን» አድርጎ ያነሣ ፊልም ቢኖር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊጎበኘው የመጣ ሰው የሚያገኘው የከሰል ጭስና የታረሰ ማሳ ይሆናል። ያን ጊዜ አገሩ ዋሸኝ ይላል፤ የዋሸው ግን ሥዕሉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ፊልም አንሺዎች የስፍራውን እውነተኛ ስምና የመሬቱን ባለቤቶች በፊልማቸው መጨረሻ እንዲጽፉ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ይጠይቃቸው። ሁለተኛ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሽማግሌዎች ልከው የየኮረብታውንና የየወንዙን የአዊኛ ስም ከነትርጓሜው እንዲመዘግቡ ያድርጉ። ዘንገናን የመሰለ ዝነኛ ሐይቅ ስሙን ጠብቆ ይኖር ይሆናል፤ ስም አልባ መስሎ የሚታየው ትንሽ ኮረብታ ግን ቀድሞ ካልተጻፈለት፣ የመጣው ፊልም ሁሉ የወደደውን ስም ይሰጠዋል።