ከመንበረ ሥልጣን ወደ እንደራሴ ወንበር

የአሜሪካ ቀደምት ፕሬዚዳንቶች ታሪክ በተወሳ ቁጥር ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1797 በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣናቸውን ለቀው ወደ ርስታቸው መመለሳቸው ሲመሰገን ኖሯል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የስድስተኛው ፕሬዚዳንት፣ የጆን ክዊንሲ አዳምስ ፍጻሜ ነው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1828 በአንድሩ ጃክሰን ተሸንፈው ከመንበራቸው ከወረዱ በኋላ፣ የቀድሞ ክብራቸው ሳያግዳቸው ከ1831 ጀምሮ በተወካዮች ምክር ቤት እንደ ማንኛውም እንደራሴ ተቀመጡ፤ ባርነትን የሚቃወም አቤቱታ በምክር ቤቱ እንዳይሰማ የሚከለክለውንም ደንብ ስምንት ዓመት ታግለው በ1844 አሻሩ፤ በ1848ም ሞት የጠራቸው በዚያው ወንበር ላይ ሳሉ ነበር።

የዚህ ታሪክ አምሳያ በሀገራችን የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሕይወት ነው። በ1935 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ የተወለዱት፣ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲም የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ መርምረው የዶክተርነት ማዕረግ የተቀዳጁት እኒህ ሊቅ፣ አስቀድሞ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት መርተው፣ በ1987 ዓ.ም. የፌዴራላዊቱ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር ሆኑ። ይህም ለጠምባሮዋ ከተማ ለሙዱላ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ጠምባሮ ከከምባታ ጋር በአንድ ዞን በኖረበት ዘመንም፣ በኋላም ልዩ ወረዳ ሆኖ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጋር በተቆራኘ ጊዜ፣ ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄ ሁሉ ሲዳኝ የኖረው በዚያ ጉባኤ በጸደቁት በ39ኛውና በ47ኛው አንቀጾች ነውና።

አንቀጽ 71 ለርእሰ ብሔሩ የሰጠው ምክር ቤቶችን መክፈትን፣ ሕግጋትን ማወጅን፣ አምባሳደሮችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት መሾምን የመሰለ፣ ክብሩ የበዛ ኃይሉ ግን ያነሰ ሥራ ነው። ስድስቱ የቤተ መንግሥት ዓመታት ስለዚህ ከሂስ ነጻ ባይሆኑም (በፊርማቸው የታወጀው ሕግ ሁሉ ስማቸውን ተሸክሟልና) ሰውየው የሚመዘኑት ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ሊሆን ይገባል።

በ1993 ዓ.ም. ገዥው ግንባር ሲከፈል ከድርጅታቸው ከኦሕዴድ ተለይተው፣ በመስከረም 1994 ዓ.ም. ዘመነ ሥልጣናቸውን ፈጸሙ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 ከመንበሩ የወረደ ፕሬዚዳንት ከወገንተኛ ፖለቲካ ካልራቀ የተመደበለትን ጥቅም እንደሚያጣ ደነገገ፤ እርሳቸው ግን ምቾትን ከኅሊና ነጻነት ጋር መለዋወጥን ባለመፍቀድ፣ በ1997 ዓ.ም. በትውልድ አገራቸው በግል ተወዳድረው 547 መቀመጫ ወዳለው ምክር ቤት ገቡ፤ ጥቅማቸውም ተነፈገ። አዳምስ እንደራሴ በመሆናቸው ሕግ ምንም አልቀጣቸውም፤ ነጋሶ ግን ለተመሳሳይ ምርጫ ዋጋ ከፈሉ፤ ስለዚህም የእርሳቸው ድፍረት፣ በዘመን ርዝመትና በድል ብዛት ከአዳምስ ቢያንስም፣ በመሥዋዕትነቱ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ከዚያም የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ በነበረው በመድረክም የሐዲያው ተወላጅ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ከነበሩበት ጎራ ተሰለፉ። የዕድሜ ልክ ወዳጅ ያደረጓት ጀርመን በ2011 ዓ.ም. የሞታቸው ስፍራ ሆነች። እስካሁን ስለ እርሳቸው ሲጻፍ የሚበዛው የቤተ መንግሥቱና የመለያየቱ ነገር ነው፤ እኔ ግን ገድላቸውን ሊጽፍ የሚነሣ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የምክር ቤቱን የ1998–2002 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ገልጦ፣ የቀድሞው ርእሰ ብሔር በአንድ ድምፅ ብቻ ምን እንደተናገሩና ምን እንደተቃወሙ ቢመረምር እመርጣለሁ።