የኦርዮ ደም፦ በዳዊት ታሪክ ውስጥ ታማኝነትን ማንበብ

ዳዊት ሊሞት ሲል ለሰሎሞን የሰጠው ኑዛዜ (1ኛ ነገሥት 2) ከንጉሡ ንግግሮች ሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። በጦር አለቃው በኢዮአብ ላይ የሁለት ሰው ደም ይቆጥርበታል፤ የአበኔርንና የአሜሳይን። ሁለቱንም ኢዮአብ በገዛ ፈቃዱ ነው የገደላቸው። የንጉሡን ቃል ተላልፎ የገደለው አቤሴሎም አልተነሣም፤ እዚያ ላይ ዝም ያሰኘው የአባት ሐዘን ሊሆን ይችላል። ስለ ኬጢያዊው ኦርዮ የተያዘውን ዝምታ ግን በሐዘን ልፈታው አልቻልኩም። ንጉሡ ከኦርዮ ሚስት ጋር የፈጸመውን በደል ለመሸፈን ኦርዮን ያስገደለው በራሱ ደብዳቤ ነውና።

ያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ጦር ሰፈር የሄደው ሟቹ ራሱ ነው (2ኛ ሳሙኤል 11)። ትእዛዙ ኦርዮ ውጊያው በበረታበት ስፍራ እንዲቆምና ሌሎቹ ከኋላው እንዲያፈገፍጉ ነበር። ኢዮአብ እንዳለ አልፈጸመውም። አንድን ሰው ብቻውን ጥሎ ማፈግፈግ ሴራውን ለሠራዊቱ ሁሉ ያጋልጥ ነበር። ስለዚህ ይመስለኛል፣ ኦርዮን ጽኑዓን ተዋጊዎች ባሉበት በኩል አሰለፈው፤ ከእርሱም ጋር ሌሎች ወታደሮች ወደቁ። የእነዚህን ወታደሮች ስም አናውቅም። ኢዮአብ የጌታውን ገመና ለመሸፈን ሲል የአንድ ሰው ግድያ የብዙዎች ሆነ። ኦርዮ ደግሞ ከደብዳቤው በፊት ዳዊት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ሲገፋፋው እምቢ ያለው ታቦቱንና ሜዳ ላይ የሰፈሩትን ጓዶቹን አስቦ ነው። በዚያ መልሱ ኢዮአብን ጌታዬ ብሎ ይጠራዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል።

በኢዮአብ አንጻር የማቆማቸው የሳኦልን ዘበኞች ነው። ሳኦል የኖብን ካህናት እንዲገድሉ ሲያዝዛቸው እጃቸውን ለማንሣት አልፈቀዱም (1ኛ ሳሙኤል 22)። ኤዶማዊው ዶይቅ ታዘዘ፤ በዚያ ቀን 85 ካህናት አለቁ። ዘበኞቹ ሳኦልን ከድተው እንደ ሄዱ፣ ወይም ሰይፋቸውን ወደ እርሱ እንዳዞሩ መጽሐፉ አይናገርም። የንጉሡ ሰዎች ሳሉ የንጉሡን ግፍ አልሠሩም። በስብከት የዶይቅ ክፋት ብዙ ይነገርለታል፤ እነርሱ ግን ሳይነሡ ይታለፋሉ፤ ይህም ትልቅ ጉድለት ነው።

በአንጻሩ ተደጋግሞ የሚሰበከው የዓይንጋዲ ዋሻ ታሪክ ነው። ዳዊት እግዚአብሔር የቀባውን አልገድልም ማለቱ መሪን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አፉን እንዲዘጋ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ምዕራፉን (1ኛ ሳሙኤል 24) እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ዳዊት ከዋሻው ወጥቶ፣ ከሳኦል ልብስ የቆረጠውን ጫፍ አሳይቶ፣ 3000 የተመረጡ ሰዎች አስከትሎ የመጣውን ንጉሥ በግፍ ታሳድደኛለህ ብሎ ከሰሰው፤ በሁለታቸው መካከል እግዚአብሔር እንዲፈርድም ጠየቀ። እጁን ከሳኦል ላይ ሰበሰበ፤ አንደበቱን ግን አልሰበሰበም።

በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን ያደግን አንባቢዎች ንስሐ የገባውን ዳዊት የምናውቀው በደለኛውን ከማወቃችን በፊት ነው። የንስሐው መዝሙር፣ የመዝሙር 50፣ ርእስ ራሱ ዳዊትን ሊወቅስ የተላከውን የነቢዩን የናታንን መምጣት ያነሣል። ይህ ትውውቅ ውድ ሀብት ነው፤ ለንጉሡ ያለን ፍቅርም ከዚያ ይቀዳል። ነገር ግን በደሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎ ወደ እንባው የሚቸኩል ስብከት ኦርዮን ሁለተኛ ይቀብረዋል። በእርግጥ አንደኛ ዜና መዋዕል (ምዕራፍ 20) ታሪኩን ጨርሶ ይዘለዋል፤ ዳዊትን በዚያ መንገድ መውደድም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስፍራ አለው። ሌሎቹ ጸሐፍት ግን አልዘለሉም። አንደኛ ነገሥት 15 ዳዊትን ሲያመሰግን የኦርዮን ነገር ለይቶ ያወጣል። ማቴዎስ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ የሰሎሞንን እናት ቤርሳቤህ አይላትም፤ የሚያነሣት በኦርዮ ሚስትነት ነው። የዳዊት 37 ኃያላን ዝርዝርም (2ኛ ሳሙኤል 23) በኦርዮ ይዘጋል። የኢዮአብ ወንድሞች አቢሳና አሣሄል፣ ጋሻ ጃግሬውም ሳይቀር በተቆጠሩበት በዚያ ዝርዝር እርሱ ራሱ ከኃያላኑ እንደ አንዱ አልተቆጠረም።

ንጉሡን ፊት ለፊት የወቀሰው ናታንም ከቤተ መንግሥቱ አልራቀም። ዳዊት አርጅቶ ልጁ አዶንያስ መንገሥ በጀመረ ጊዜ ኢዮአብ ከአዶንያስ ጋር ወገነ። ሰሎሞን ይነግሣል ለሚለው የዳዊት መሐላ የተሟገተው፣ ወደ እልፍኙ ገብቶ በግንባሩ የሰገደለት፣ ያ ከሳሹ ነቢይ ነበር።